ምዕራፍ ሰባት፦ በዳንቴል ሥር የኖረው ኮምፒዩተር

በባሕር ዳር ከተማ፣ በሽምብጥ ሰፈር፣ የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ እንደ ልቡ ገብቶ በሚወጣበት የወላጆቻችን ቤት ውስጥ፣ ከቡፌው በታች ባለው ሣጥን ሠላሳ ዓመት ያህል የተቀመጠ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በላስቲኩም ላይ የእናታችን የእጅ ሥራ የሆነ ዳንቴል የተደረበለት አንድ ዕቃ ነበረ፤ ይህንም ዕቃ ታናሽ ወንድሜ ከጀርመን አገር ለዕረፍት በመጣበት ክረምት አምጥቶት፣ ሲመለስም ትቶት ሄዶ ስለ ነበረ፣ እናታችን «የልጄ ዐደራ ነው» እያለች ከቤተ ዘመዱ ልጆች ሁሉ ስትጠብቀው ኖራ፣ እርሷ ካረፈች በኋላ ቤቱን ስናስተካክል በእኔ እጅ ወደቀ።

ዕቃው ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982፣ ማለት በ1974 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ በአሜሪካ በ595 ዶላር ለገበያ የቀረበ፣ ከዚያም ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ12 ሚሊዮን ያላነሰ ሳይሸጥ ያልቀረ፣ በጀርመን አገርም በየተማሪው ክፍል የገባ መሣሪያ ሲሆን፣ የዛሬ ልጆች ሲያዩት ግር የሚላቸው ሰውነቱ ሁሉ በአንድ ወፍራም የቁልፍ ገበታ ውስጥ የተከተተ በመሆኑ ነው። መስኮት የለውም፤ የቤቱን ቴሌቪዥን ይዋሳል። መጽሐፍ ማስቀመጫ የለውም፤ የዘፈን ካሴት ይዋሳል። ማኅደረ ትውስታው 64 ኪሎ ባይት ብቻ ነውና፣ ዛሬ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ የሚያነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚህ ሁሉ ማኅደር ሠላሳና አርባ እጥፍ ብትበልጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህን ዐይነት አሮጌ መሣሪያ እንደ ምን አድርጎ ነፍስ እንደሚዘሩበት ከመናገሬ አስቀድሞ፣ እንደ ምን አድርጎ እንደሚገድሉት መናገር ይገባኛል፤ እኔው ራሴ ገድየዋለሁና። በዚያው ባገኘሁበት ምሽት፣ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ «ተው፣ አትቸኩል» ብዬ የምመክረውን ሁሉ ለራሴ ዘንግቼ፣ ገመዱን ከሶኬት፣ ሌላውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ሰክቼ አበራሁት። በገበታው ቀኝ ጠርዝ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት በራች፤ ቴሌቪዥኑ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ። አጠፋሁት፤ እንደ ገና አበራሁት፤ ሦስተኛም ደገምሁት። ቴሌቪዥኑ ጥቁር፣ የኀይል ሳጥኑም እጅ የሚያቃጥል ሆኖ ባገኘሁት ጊዜ፣ ሠላሳ ዓመት በሰላም የኖረውን ዐደራ እኔ በሦስት ደቂቃ እንደ ጨረስሁት ገባኝ።

ከዚያ ምሽት የተማርሁት፣ ከዚያም ወዲህ በሌሎች አሮጌ መሣሪያዎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ይህ ነው፤ ኮምፒዩተር የሚሞተው ከዳር ነው። ሰው ሁሉ የሚሰጋለት፣ ምሥጢሩ ሁሉ ያለበት የሚመስለው መካከሉ፣ አእምሮው ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ደኅና ሆኖ ይቆያል፤ የሚያረጀው ኀይል የሚያቀብለው ሳጥን፣ የሚያገናኘው ገመድ፣ የካሴቱ ጎማ፣ የቁልፉ ሥር ነው። መካከሉም ሲጎዳ የሚጎዳው ከዳር በመጣ ጠንቅ ነው። ስለዚህም ጥገናው ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ ሲገባው፣ እኛ ግን አብርተን ማየት ስለምንወድ ከውስጥ እንጀምራለን።

የኮሞዶሩ የኀይል ሳጥን ጡብ የሚያህል፣ እንደ ጡብም የሚከብድ ጥቁር ነገር ነው፤ ውስጡ ሙጫ የመሰለ ነገር ፈስሶበት ስለ ደነደነ ፈትቶ መጠገን እጅግ ያስቸግራል። ከሶኬቱ 220 ቮልት ተቀብሎ ሁለት ዐይነት ኀይል ያወጣል፤ አንዱ ሥዕልና ድምፅ ለሚያወጡት ክፍሎችና ለቴፑ ሞተር የሚያገለግለው ተለዋዋጭ 9 ቮልት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለአእምሮውና ለማኅደረ ትውስታው የሚቀርበው ቀጥተኛ 5 ቮልት ነው። ክፋቱ ያለው በዚህ በሁለተኛው ነው። ሻማ ሲያልቅ ይደበዝዛል፣ ባትሪም ሲደክም ያንሳል፤ በዚህ ሳጥን ውስጥ 5 ቮልቱን ቆርጦ የሚመጥነው ክፍል ግን ሲበላሽ መመጠኑን ስለሚተው፣ ሲሞት ይጎላል። በቴስተር ስለካው፣ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መካከል ሊሆን የሚገባው 7 ቮልት ተኩል ሆኖ አገኘሁት። ለእነዚያ ደካሞች ክፍሎች ይህ ማለት፣ ለሕፃን የታዘዘውን መድኀኒት በጭልፋ እንደ መስጠት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ሳጥኑ ቀዝቃዛ ሳለ ትክክለኛውን ቁጥር አሳይቶ፣ ከሞቀ በኋላ የሚያብድበት ጊዜ አለና፣ ሩብ ሰዓት ያህል አቆይቶ ዳግመኛ ሳይለኩ ማመን አይገባም።

በእኛ ከተማ የኤሌክትሪክ ነገር ሲነሣ ጣት ሁልጊዜ የሚቀሰረው ወደ ውጭ ነው። መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል፤ ሲመጣም አንዳንድ ጊዜ ተቈጥቶ ይመጣል። ባሕር ዳር ግን ከመብራት ጋር አብራ ያደገች ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከኢጣልያ የጦር ካሣ ተሠርቶ፣ ፖሊቴክኒኩም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተከፍቶ፣ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዐባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ሲጀምር፣ በዓሣና በጀልባ ስትኖር የነበረችው መንደር ባጭር ዘመን የሞተርና የመዘውር አገር ሆነች። ለፍሪጅ የምንገዛው ስታቢላይዘር ከዚያ ከሚመጣው ቍጣ ይከላከል ይሆናል፤ ለኮሞዶሩ ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ሌባው በአጥሩ ውጭ ሳይሆን ከአጥሩ ወዲህ፣ በሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧልና።

ይህም ሆኖ የወንድሜ መሣሪያ ከጀርመን በመምጣቱ ዕድለኛ ነበርሁ። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ለ110 ቮልት የተሠራ በመሆኑ፣ እኛ ዘንድ በቀጥታ ከተሰካ ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ ቢተርፍ እንኳ ሥዕሉን የሚልከው በአሜሪካው ሥርዐት ስለ ሆነ፣ በእኛ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ወይ ቀለሙን ያጣል ወይ ይንከባለላል።

አሁን ደግሞ ወደ እርጥበቱ እንምጣ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ቀዝቃዛ አይደለም፣ እጅግ ሞቃትም አይደለም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ግን በዳርቻው ባለ ቤት ውስጥ ጨው ይቀልጣል፣ ጫማ ይሻግታል፣ የመሳቢያ እንጨት ያብጣል። የላስቲኩን መጠቅለያ በፈታሁት ጊዜ በውስጠኛው ገጽ ላይ የደረቀ የውሃ ጠብታ ፈለግ እንደ ካርታ ተሥሎ አየሁ። እናታችን ውሃ እንዳይገባ ብላ የጠቀለለችው ላስቲክ፣ በተጠቀለለበት ክረምት ከውስጥ የነበረውን እርጥበት እንዳይወጣ ከልክሎ ሠላሳ ዓመት አብሮት አሰረው። በክብራን ገብርኤል ወይም በዑራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ የገዳም አባቶች የብራና መጽሐፍን በቆዳ ማኅደር ከትተው፣ በጠፍር አንጠልጥለው፣ ከመሬት አርቀው ነው የሚያኖሩት፤ ቆዳ ይተነፍሳል፣ የተሰቀለም ነገር ነፋስ ያገኘዋል። እናቴን መውቀሴ አይደለም። ዳንቴሉ አቧራውን በሚገባ ከልክሏል፤ ላስቲኩ ቀርቶ ዳንቴሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ድካማችን በግማሽ በቀነሰ ነበር።

መሣሪያውን ይዤ የሄድሁት ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ስልክ ወደሚጠግን አንድ ወጣት ነው። ገልበጥ አድርጎ አየውና፣

«ጋሼ፣ ኪቦርዱ ይኸው፤ ኮምፒዩተሩስ የታለ?» አለኝ።

«እርሱ ራሱ ነው።»

«እሺ፤ ስንት ጊጋ ነው?»

ስነግረው ሳቀ፤ ነገር ግን በሆዱ በኩል ያሉትን ሦስት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ ክዳኑን ባነሣው ጊዜ ሳቁን ተወ። የዘመኑ ስልክ ሲከፈት ዐይን የማይለየው ነገር ነው፤ ይህ ግን እያንዳንዱ ክፍል እግሩ የሚቈጠር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው መሥመር በጣት የሚከተሉት፣ ጀማሪ እንኳ እንደ ፊደል ገበታ ሊያነበው የሚችል ቦርድ ነው። ወጣቱም በጣቱ እየተከተለ፣ «ይኼማ ሰው የሠራው ነው» አለ፤ ከዚህ የተሻለ ምስጋና አልሰማሁም።

መጀመሪያ ሻጋታውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረገ፤ ቀጥሎም ከፋርማሲ የተገዛ ንጹሕ አልኮል በጥጥ እያደረገ የቁልፎቹን ሥርና የገመድ መግቢያዎቹን አጠበ። (አረቄ ይሠራ እንደ ሆነ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋምና እዚሁ ልመልስ፤ አይሠራም፤ ውሃው ብዙ ነው። ለጠጋኙ ግን ይጠቅም ይሆናል።) ከዚያ በኋላ የኀይሉ ነገር መጣ። አሮጌውን ሳጥን ጣልነው፤ በምትኩ 5 ቮልት በ2 አምፔር የሚሰጥ ደኅና የስልክ ቻርጀርና፣ 9 ቮልት የሚያወጣ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የተገኘ ትራንስፎርመር ከአንድ ገመድ ጋር አገናኝቶ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ለካ። 5.1 አለ። ሰክተን ስናበራው ቴሌቪዥኑ አሁንም ጥቁር ነው፤ ዳሩ ግን አሁን ጥቁረቱ ሊመረመር የሚችል ጥቁረት ሆኗል።

ማኅደረ ትውስታው በስምንት ጥቃቅን ክፍሎች የተከፈለ ነው። አንድ ፊደል በዚህ መሣሪያ ዘንድ የስምንት ምልክቶች ድምር ሲሆን፣ ስምንቱ ክፍሎች ከእያንዳንዱ ፊደል አንዳንድ ምልክት ይካፈላሉ፤ ይኸውም ስምንት ሰው የተሸከመው ቃሬዛ እንደ ማለት ነውና፣ አንዱ ትከሻውን ከነሣ ቃሬዛው ሁሉ ያጋድላል እንጂ የእርሱ ወገን ብቻ አይወድቅም። ከስምንቱ ሰነፉን ለማወቅ ወጣቱ የተጠቀመበት መሣሪያ የገዛ ጣቱ ነበር። አብርቶ ግማሽ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ተራ በተራ ዳሰሳቸው፤ ሰባቱ ለብ ብለዋል፣ ሦስተኛው ግን ጣት አያስቀምጥም። ያ ነው በእኔ ችኮላ የሞተው።

መለዋወጫውስ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ የጠጋኝ ቤት ማዕዘን፣ ሚስቶች ሁሉ «ይጣል» የሚሉት ያ የቆሻሻ ክምር፣ ክብሩ ተገለጠ። በዚያው ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ የገቡት የመጀመሪያዎቹ የአይቢኤም ዐይነት ኮምፒዩተሮች በቦርዳቸው ላይ የያዙት ማኅደረ ትውስታ ከኮሞዶሩ ጋር አንድ ዐይነት ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ በስምንቱ ላይ ዘጠነኛ ጨምረው፣ ዘጠነኛው ሸክም ሳይሸከም የስምንቱን ቈጠራ የሚቆጣጠር መሆኑ ብቻ ነው። ከክምሩ ሥር ከወጣ አንድ የወላለቀ ቦርድ ላይ ያን ዘበኛ ነቅለን ተሸካሚ አደረግነው። የሞተውን ለማውጣትም ወጣቱ እግሮቹን በመቁረጫ ፒንሳ አስቀድሞ ቈርጦ ሥጋውን ጣለ፤ ከዚያም አሥራ ስድስቱን እግሮች አንድ በአንድ እያሞቀ ነቀለ፤ ሙሉውን በኀይል ለመንቀል የሚታገል ሰው ከቦርዱ መሥመሩን አብሮ ይገሽልጣል። በቀዳዳው ላይ መቀመጫ በየደ፣ አዲሱንም በመቀመጫው ላይ ተከለው።

አሮጌውን ቴሌቪዥን ቻናል 36 ላይ ፈልገን ስናቆመው፣ በረዶ የመሰለው ነጠብጣብ ተከፈለና ሰማያዊ ሜዳ መጣ። በላዩም 38911 የሚል ቁጥር ተጽፎ ነበር። ይህ ቁጥር ከ64 ሺሁ ተቀንሶ፣ መሣሪያው ለራሱ ጉዳይ ከወሰደው የተረፈና ባለቤቱ እንደ ፈቀደ ሊጽፍበት የሚችለው የቦታ ልክ ነው፤ ከሥሩም «ዝግጁ ነኝ» የምትል አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ አለች፤ ከእርሷም በታች አንዲት አራት ማዕዘን ብልጭ ድርግም ትላለች። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣት።

የቀረው ካሴቱ ነበር። የኮሞዶሩ ቴፕ ተራ ቴፕ ነው፤ ሆኖም ድምፅ ማውጫ የለውም፣ የሚሰማው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። ሲከፈት፣ ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ጎማ ሬንጅ ሆኖ ተጣብቆ ተገኘ፤ ያን ጥቁር ነገር ከጣት ማስለቀቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከሌላ ቴፕ በተወሰደ ጎማ ተተካ፤ የማንበቢያው ራስም በአልኮል ታጠበ። ከሁሉ የሚረቀው ግን የራሱ አቋም ነው፤ በክዳኑ ላይ በተበሳች ጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብቶ አንዲት ብሎን በጥቂት በጥቂቱ በማዞር፣ ራሱ ከክሩ ጋር ፍጹም ቀጥ ብሎ እንዲገናኝ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ በካሴት ላይ ሲጽፍ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ መጽሐፍ ቀድቶ እንደ ገና ከእናቱ ጋር እንደሚያስተያይ ጠንቃቃ ጸሐፊ፣ በማንበብ ጊዜ አንዱን በሌላው ያርማል። ስለዚህም ያዘግማል፤ በሰኮንድ 50 ፊደል ያህል ቢያነብ ነው።

ከዕቃው ጋር የተገኘው ካሴት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የዘፈን ካሴት ሆኖ፣ እንዳይቀዳበት የተሰበረው ጥርሱ በታጠፈ ወረቀት ተደፍኗል። አንባቢ ይህን ብልሃት ሳያውቀው አይቀርም። በላዩ በወንድሜ እጅ «ፊደል» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል።

ብዙ ጊዜ ከስሕተት በኋላ፣ ብሎኗ አንድ ስምንተኛ ዙር ስትዞር፣ ተነበበ። የወጣውም ጽሑፍ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ መሥመር በመሥመር የተደረደረ ቁጥር ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ መሣሪያ እያንዳንዱን ፊደል የሚሥለው በስምንት በስምንት ነጥብ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ረድፍ ነጥቦች በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ፤ ስለዚህ አንድ ፊደል ማለት ስምንት ቁጥሮች ማለት ነው። ባለቤቱ ቢወድድ ላቲኑን ገፍቶ የራሱን ፊደል በቦታው ሊተክል ይችላል፤ የተፈቀደለት ግን 256 ቦታ ብቻ ነው። እኔም ይህን ባወቅሁ ጊዜ ቁጭ ብዬ ቈጠርሁ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ የግእዝ አኀዝ 20 ሲጨመር 251፤ የቀረው አምስት ቦታ ለሁለት ነጥብ፣ ለአራት ነጥብ፣ ለነጠላ ሰረዝ፣ ለድርብ ሰረዝና ለሁለት ነጥብ ከሰረዝ ይበቃል። 256 ሞላ! ባዶ ቦታ የሚባለው እንኳ አልቀረም፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ በብራና ላይ ቃልን ከቃል የለዩት በባዶ ቦታ ሳይሆን በሁለት ነጥብ ነበርና፣ አያስፈልግም። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ዲቃላዎቹ ፊደላት፣ እነ ኳ፣ እነ ጓ፣ እነ ቋ፣ በደጅ ቀርተዋል። በዚህ ገበታ ሁሉን መጻፍ ይቻላል፣ «ቋንቋ» የሚለውን ቃል ግን መጻፍ አይቻልም።

ይህ የቦታ ጥበት የወንድሜ ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ፍሥሐ አጥላው ዳሸን በተባለው፣ የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላም ሞዴት በተባለው ሥራቸው፣ በላቲን ልክ በተሰፋው ኮምፒዩተር ውስጥ ግእዝን ለማስገባት ደክመዋል፤ ከእነርሱም በፊት የአማርኛ ታይፕራይተር የሠሩ ሰዎች ለፊደሉ ሁሉ የሚበቃ ቁልፍ ስላጡ አካሉንና ቅጥሉን ለየብቻ አስመትተው ነበር። ፊደላችን ለራሱ የተለየ ሰፊ መቀመጫ ያገኘው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ሲቀበለው ነው።

ወንድሜ ዛሬም የሚኖረው በጀርመን አገር ነው። በዚያው ማታ ደወልሁለት፤ ካሴቱ መነበቡን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን አንብብልኝ እስኪ» አለኝ።

«126፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ 66፣ ከዚያ ዜሮ።»

«ጣራና ሁለት እግር። በ።»

«126፣ 66፣ 66፣ 67፣ 66፣ 66፣ 66፣ ዜሮ።»

«ከወገቡ በስተቀኝ አንድ ነጥብ ወጣች። ቡ ናት።»

«126፣ አምስት ጊዜ 66፣ 67፣ ዜሮ።»

«አሁን ነጥቧ ወደ እግሩ ወረደች። ቢ።» ድምፁ ሲፈጥን ይሰማኛል። «እሺ፣ ባስ? ግራ እግሩን የቈረጥሁበት?»

«ባ የለም።»

«እንዴት የለም? ካሴቱ ይቀጥላል እኮ።»

በሌላ ቴፕ ላይ አስገብቼ አዳምጬው ነበር። «ይቀጥላል» አልሁት፤ «ከዚያ በኋላ ግን ዘፈኑ ነው።»